እንቅልፋሙ የነቃ ዕለት

ቤተሰቦቿ «ሚጣ» ይሏታል። ሥራ ቦታ ፊት ለፊቷ «ዶክተር» ናት፤ ዞር ስትል ደግሞ «ቀስ በቀስ»። የመጨረሻውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው፤ አይፈረድባቸውም። ሌላው የመሬት ሳይንስ ባለሙያ እሳተ ገሞራ ሲያሳድድ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከትሎ ሲበር፣ እሷ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ኮረብታ ስትጠብቅ ኖረች። ያውም በዓመት የጣት ጥፍር ስፋት ያህል ብቻ የሚንፏቀቅ ኮረብታ።

ኮረብታውም የቅጽል ስም ነበረው። ግርጌው የሰፈሩ ሰዎች «እንቅልፋሙ» ይሉታል። ጭጋጉን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እስከ ረፋድ ድረስ ይተኛል፤ ፀሐይ ስትበረታ መጀመሪያ አንድ ትከሻውን፣ ቆይቶ ሌላውን ብቅ ያደርጋል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ሳይነሳ ይውላል። ሚጣ የተወለደችው እዚያው ግርጌ ነው፤ ከመጨረሻው ረድፍ ቤቶች በአንዱ።

አባቷ አናጺ ነበሩ። በየዓመቱ የዝናቡ ወራት ሲያልፍ የቤታቸው በር አልዘጋም ይላል። አባቷም መላጊያቸውን አውጥተው ጠርዙን ፋቅ ፋቅ ያደርጉና «በሩ አደገ» ብለው ይገጥሙታል። ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት ይሁን ማግሥቱ፣ ሚጣ ከሥራቸው ቁጢጥ ብላ፣

«አባዬ፣ እንጨት ከተቆረጠ በኋላ ያድጋል እንዴ?» አለቻቸው።

«ኧረ አያድግም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያድገው?»

አባቷ መላጊያውን አስቀምጠው በሩን አዩ፣ መቃኑን አዩ፣ ቀጥሎ በመስኮቱ አሻግረው ኮረብታውን አዩ።

«እኔ እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ድረሽበት።»

ደረሰችበት። የአባቷን ቱምቢ፣ ያንን በክር የሚንጠለጠል ሹል ብረት፣ ከጣሪያው ማገር ላይ አንጠለጠለችና ሹል ጫፉ ወለሉን የሚያመለክትበት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረገች። በዓመቱ ነጥቡ ሌላ ቦታ ዋለ። በሌላው ዓመትም ሌላ ቦታ። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ወለሉ ላይ ዐሥር ነጥቦች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው፣ ሁሉም ወደ መንገዱ አቅጣጫ ይጓዙ ነበር።

በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ የመስክ ጉዞ ላይ ሹፌሩ ብቸኛዋን ሴት አይቶ ትልቁን ድስት አስታቀፋት፤ ወጥ ቤት ሆና የመጣች መስሎት ነው። እሷም እሺ ብላ ተቀብላ የሰበሰበችውን ድንጋይ ሁሉ አጠበችበት። ሲመሽ ተማሪው ክዳኑን ሲከፍት ያገኘው ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይ ነው። መምህሩ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ድስት ያሳያት የለም።

ባሕር ማዶ ተምራ ስትመለስ ትልልቅ ሥራ ቀርቦላት ነበር። እሷ ግን ወደ እንቅልፋሙ ሄደች። ከኮረብታው አናት በታች አንዲት ስንጥቅ ነበረች፣ እረኛም መንገደኛም ሳያያት የሚዘላት። ከተቀጠረችበት የመሬት ሳይንስ ተቋም ቴክኒሻን ጋር ሆና በዚያች ስንጥቅ ላይ ቀጭን የብረት ሽቦ ወጠረች። አንዱ ጫፍ ከማይነቃነቅ አለት ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ እርሳስ ይጎትታል፤ እርሳሱም በምትሽከረከር ጥቅል ወረቀት ላይ መስመር ይጽፋል። ኮረብታው ከተንፏቀቀ መስመሩ ይነሳል። ቴክኒሻኑን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጋሽ ሽቦ ይለዋል።

ወረቀቱን የሚቀይሩት በሳምንት አንዴ ነው። ጋሽ ሽቦ ወረቀቱን የሚያሽከረክረውን ሰዓት ሲሞላ ሚጣ ሣሩ ላይ በደረቷ ትተኛና ጆሮዋን መሬት ላይ ትለጥፋለች። ይህን በየትኛውም ጽሑፏ ላይ አልጻፈችውም፤ ሳይንስ አይደለማ። ጭጋጉ በላይዋ እያለፈ ፀጉሯን ያረጥበዋል፤ ከሥር ደግሞ የውሃ ይሁን የራሷ ደም የማታውቀው ድምፅ ይመጣል። አንዳንዴ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳታል። ጋሽ ሽቦ አይቀሰቅሳትም። «ሁለቱም ተኝተዋል» ይላል፣ ኮረብታውንና እሷን እያየ፤ ካልሲውን አውልቆ እያሰጣ እስክትነቃ ይጠብቃታል።

እንዲህ እንዲህ እያለች ያቺ አንዲት የእርሳስ መስመር ስሟን በዓለም አስጠራችው። ዝግ ያለ መሬት እንዴት እንደሚያስብ፣ መቼ እንደሚታገስ፣ መቼ ትዕግሥቱ እንደሚያልቅ ያሳየች ሴት ተባለች። ከብዙ አገር ሰው እየመጣ ይማርባት ጀመር።

ዳሩ ግን የዛሬ ሰባት ዓመት አንድ ነገር ሆነ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በርትቶ መስመሩ በድንገት ተነሣ። ሚጣ ሰፈሩ ይልቀቅ ብላ ጻፈች፤ የያኔው የተቋሙ ኃላፊ ፈረሙ፤ ሕዝቡ ወጥቶ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰፈረ። አባቷ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። በቃሬዛ ተሸክመው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በተገጣጠሙ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፍራሽ አንጥፈው አስተኟቸው። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን እዚያው ዐረፉ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ኮረብታው አንዴ ተገላብጦ መልሶ ለጥ ብሎ ተኝቶ ነበርና።

የሰው አፍ እንግዲህ አይዘጋም። የሚኒባሱ ረዳት እንኳ እሷን ሲያይ «ወራጅ አለ?» ማለቱን ትቶ «ኮረብታው ወራጅ ነው?» ይል ጀመር። እሱን ቻለችው። ያልቻለችው ታላቅ እህቷን ነው። ሚጣ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች እናታቸው ስትሞትባቸው፣ ይህች እህት በዐሥራ ሁለት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ አዝላ አሳድጋታለች፤ በኋላም ልብስ ሰፊ ሆና ከአባቷ ጋር በዚያው ቤት ቀረች። ከቀብር ሲመለሱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናገረቻት፦

«ከአልጋው አንስተሽ የሰው አግዳሚ ላይ ገደልሽው።»

ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለቴ በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከመባባል በቀር የረባ ወሬ አልነበራቸውም።

*

ሚጣ በሃምሳ አንድ ዓመቷ የተቋሙ ኃላፊ ሆና ተሾመች። ከእሷ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች ፎቶ ከደረጃው እስከ ቢሮዋ በር ድረስ ተሰቅሏል፤ ዐሥራ አንድ ወንድ፣ ዐሥራ አንድ ከረባት። ቢሮው ሰፊ ነው፤ ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ በመስኮቱ የሚታየው የሌላ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ፋይል ይዛ ስትገባ ብዙ ጊዜ አለቃዋን ጉንጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ታገኛታለች። «ራሴን አሞኝ ነው» ትላለች ሚጣ። የጠረጴዛው እንጨት ግን ምንም አይናገርም ነበር።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ጋሽ ሽቦ ነው። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል።

«አንቺ ልጅ» አላት፤ ሹመቷን አልለመደውም። «ወረቀቱ አልበቃኝም።»

«እንዴት አይበቃዎትም ጋሼ?»

«እርሳሱ ከወረቀቱ ወጥቶ ብረቱ ላይ እየጻፈ አገኘሁት።»

ሚጣ ስልኩን ዘጋች። እግሯ ሥር ያለው ወፍራም ምንጣፍ ቀስ ብሎ ሲሸራተት የተሰማት መሰላት። ከዚያ ጫማዋን ቀየረች።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ጭጋጉ አልተነሣም። እጅን ዘርግቶ ጣትን ማየት አይቻልም፤ የሚሄዱት በእግራቸው ትውስታ ነው። ድሮ የሚዘሏት ስንጥቅ አሁን ሰው ቢገባባት እስከ ወገቡ ትውጠዋለች። ጭጋጉ ሳሳ ሲል የታዩት ዛፎች ሁሉ፣ ከጎረቤት የሚነገር ወሬ ለመስማት እንደተጠጋ ሰው፣ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብለዋል። ሚጣ እንደ ልማዷ በደረቷ ተኛች። ጋሽ ሽቦ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ምን ይላል?»

«ዝም ብሏል» አለች። «እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።»

በሦስት ቀን ውስጥ የለካችውን አጠናቅራ ወረቀት ላይ አሰፈረች። ዘዴው ያን ያህል አይከብድም። ፍጥነቱ በየቀኑ ሲጨምር፣ አንድ ለፍጥነቱ ሲካፈል የሚገኘውን፣ በየቀኑ የሚያንሰውን ቁጥር ነጥብ በነጥብ ያስቀምጡታል፤ ነጥቦቹ እንደ ቁልቁለት መንገድ ይወርዳሉ፤ መንገዱ መሬት የሚነካበት ቀን ኮረብታው የሚለቅበት ቀን ነው። ማስመሪያውን አስተካክላ መስመሩን ጎተተችው። ሐሙስ ላይ ዋለ። ያሰመረችበት ዕለት እሑድ ነበር።

ድሮ ብትሆን ወረቀቱን ለኃላፊው አስገብታ ትጠብቅ ነበር። አሁን ግን ኃላፊዋ እሷ ናት። ብዕሩን አንስታ ሦስት ጊዜ አስቀመጠችው። ዐይኗ ላይ የሚመጣው ኮረብታው አይደለም፤ በአግዳሚ ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ነው። በአራተኛው ፈረመች።

የከተማዋ ከንቲባ ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን አንዴ እሳት የነካው ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና፣

«ዶክተር፣ ባለፈው እኔ የውሃ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ» አላት። «ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ለስድስት መቶ ሰው ውሃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«አይደሉም?»

«አይደለሁም። ከባለፈው የበለጠ ግን አውቃለሁ። ስብሰባ ይጥሩልኝና ለሰዉ ራሴ ልንገረው።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ኮቱን ሳያወልቅ፣ ለመውጣት በሚያመች አቀማመጥ ነው የተቀመጠው። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እህቷን አየቻት፤ ደረቷ ላይ መርፌ እንደተሰካ ነው፤ ሥራ አቋርጣ መምጣቷ ነው። ሚጣ ያዘጋጀችው ሥዕል ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሚበራ፣ ባለቀለም። አላበራችውም።

«ባለፈው ተሳስቻለሁ» ብላ ጀመረች። «ኮረብታው ይወርዳል ብያችሁ አልወረደም። ከቤታችሁ አውጥቻችኋለሁ። በዚያ ስሕተት አባቴ ሞቷል። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን በአፌ አልተናገርኩም፤ አፍሬ ነው። አሁን ደግሞ መጥቼ እንደገና ውጡ እላችኋለሁ። ሐሙስ ነው የሚመስለኝ። ረቡዕ ሊሆን ይችላል፤ ቅዳሜ ሊሆን ይችላል። ጨርሶ ላይሆንም ይችላል። ከሳቃችሁብኝ እሰየው፤ መሳቅ የሚችል ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። አንድ ጫማ ሠሪ ብድግ አለና፣ «እንግዲህ ድመቴን የሚይዝልኝ ሰው ይኑር፤ ትቧጭራለች» አለ። ሰው በዚህ ተነሣ። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ፍራሽና ድስት፣ ቁም ሳጥንና የዶሮ ቤት በዝናብ ውስጥ ወረደ።

የአንድ ቤት በር ብቻ አልተከፈተም።

*

ሚጣ በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ቤት ሄደች። እህቷ ከመስኮቱ ሥር፣ የእግር ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ወለሉ ዘሟል፤ የወደቀ የልብስ ቁልፍ በራሱ እየተንከባለለ ግድግዳው ሥር ይሰበሰባል። እህቷ ዐይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣

«አስወጪያት ተብለሽ ተልከሽ ነው?» አለች።

«የሚልከኝ የለም አሁን፣ እታለም። ላኪዋም እኔ ሆኛለሁ።»

«አዎ፣ ሹመቱን ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለሽ ሳልልሽ።»

«አሁንም አልረፈደም።»

«እንግዲህ እንኳን ደስ አለሽ።» መኪናው ተንቀጫቀጨ።

ሚጣ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ስለ ሽቦው፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ሐሙስ ማስረዳት ጀመረች። እህቷ የመኪናውን ዘውር በመዳፏ ያዝ አድርጋ አቆመችው።

«ሃያ አምስት ዓመት ኮረብታውን ስትሰሚ ኖርሽ። በደረትሽ ተኝተሽ፣ ጆሮሽን ለጥፈሽ። ሰው ሁሉ ያወራል፣ አይቶሻል። እኔን አንድ ቀን ሰምተሽኛል?»

ሚጣ በርጩማዋን ወደ እህቷ አስጠጋች። «ልስማሽ» አለች።

«አባዬ እዚያ ክፍል ውስጥ ጠዋት ጠዋት "መስኮቱን ክፈቺልኝ" ይለኛል። እከፍትለታለሁ። ኮረብታውን ያይና "ተንቀሳቀሰ?" ይለኛል። "አልተንቀሳቀሰም አባዬ" እለዋለሁ። ፊቱ ይጠቁራል። "ልጄን ሊያሳፍራት ነው" ይላል። ከዚያ ምን ማድረግ ጀመረ መሰለሽ? መጸለይ። ኮረብታው እንዲናድ! በዚህ ቤት ላይ። እናታችን የሞተችበት፣ አንቺን አዝዬ ያሳደግኩበት፣ ውዬ የማድርበት ቤት ላይ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጨርቁን እያጠብኩ፣ እሱ ለሚጣ ክብር ሲል የኔ ቤት እንዲፈርስ ይለምናል።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። አንዲት ቁልፍ ከጠረጴዛው ወድቃ መንገዷን ጀመረች።

«ገደልሽው ያልኩሽ በንዴት ነው» አለች እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው በሰማንያ አራት ዓመቱ ይሞታል። እኔን ያንገበገበኝ ጸሎቱ ነው።»

«አላወቅኩም።»

«መቼ ጠየቅሽና?»

ሚጣ እንባዋን ጠረገች፤ አልቆም አላት። «እታለም፣ ይህ ቤት ባይፈርስ እመርጣለሁ። ከተማው ሁሉ እስክሞት ቢስቅብኝ እመርጣለሁ። ግን የሚፈርስ ይመስለኛል። አንቺ ውስጡ ሆነሽ መሆን የለበትም፤ ሌላ የምልሽ የለኝም።»

እህቷ የያዘችውን ጨርቅ መርፌው ሥር አስተካከለች።

«ይህችን እጅጌ ልጨርስ።»

ጨረሰቻት። ሚጣም ጠበቀች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች። ከዚያ እህቷ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ተነሣችና «በይ ያዢ በዚያ በኩል» አለቻት። የብረት መኪናውን ግራና ቀኝ ይዘው በጭቃው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሚጣ ሦስት ጊዜ ዕረፍት ጠየቀች።

«ድንጋይ ተሸካሚ ነኝ ስትይ አልነበር?» አለች እህቷ። «ወንበር ላይ አስቀምጠው አልፈሰፈሱሽ?»

ከሰባት ዓመት በኋላ የሰማችው የመጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሚጣ ከመሳቋ የተነሣ መኪናው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

*

ሐሙስ መጣ፤ ሐሙስ ሄደ። ዓርብ ዝናቡ ቆሞ ጭራሽ ፀሐይ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ተሰጣ፤ ልጆች ኳስ ጀመሩ። ጫማ ሠሪው ድመቱን ታቅፎ መጣና፣ «ዶክተር፣ ኮረብታው ቀጠሮ አያከብርም እንዴ?» አላት። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዐይኗን ግን ከኮረብታው አልነቀለችም። ከንቲባው ሁለቴ መጥቶ ምንም ሳይናገር ተመለሰ። እሷ ቢሮ አልገባችም፤ መኪናዋ ውስጥም አልተደበቀችም። ቀኑን ሙሉ ከሰዉ መሐል፣ ከእህቷ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀመጠች።

እኩለ ቀን ላይ ግድግዳውን ተደግፋ እንዳለች ሸለብ አደረጋት። አባቷ ኮረብታው ጫፍ ላይ ቆመው በመላጊያቸው ጭጋጉን ሲፍቁት አየች። ጭጋጉ እየተጠቀለለ እንደ ነጭ ፍቅፋቂ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥሩ የሚወጣው ኮረብታ አዲስ ነው፣ እርጥብ ነው፣ የእንጨት ሽታ አለው። ልትጠራቸው ስትል ነቃች። እህቷ ጨርቅ ላይ ነጠላ ስፌት እየወጋች ታያታለች።

«ስቀሽ ነበር በእንቅልፍሽ» አለቻት። ምን አየሽ ብላ ግን አልጠየቀቻትም።

ቅዳሜ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ጭጋጉ እንደ ወትሮው መነሣት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ ትከሻ ብቅ አለ። ሁለተኛው ትከሻ ግን በቦታው አልነበረም።

ጋሽ ሽቦ ከማዶው ጉብታ ላይ በሬዲዮ «ሽቦው ተበጠሰ» አለ፤ ድምፁ የልጁን ሞት እንደሚያረዳ ሰው ነው። ከዚያ ድምፅ መጣ። ነጎድጓድ አልነበረም። አንድ ትልቅ ሰው በትልቅ አልጋ ላይ ሲገላበጥ አንሶላው የሚያሰማው ዓይነት፣ ረጅም፣ ለስላሳ ሹክሹክታ ነበር። ዛፎቹ ሳይወድቁ እንደቆሙ መራመድ ጀመሩ። ከሥራቸው የመጨረሻው ረድፍ ቤቶች ተነሡ። አልፈረሱም፤ ተነሥተው ሄዱ። በውሃ ላይ እንደሚሄድ ጀልባ እየተንገዋለሉ፣ በሮቻቸው ተቆልፈው፣ አንዱ ግቢ ውስጥ የተረሳ ልብስ በገመዱ ላይ እየተወዛወዘ፣ አንዱ ጣሪያ ላይ የቀረ አውራ ዶሮ እየጮኸ ሄዱ። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ አይሞላም። ስድስት መቶ ሰው የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፎ አየ።

«እማዬ፣ ቤታችን ወዴት እየሄደ ነው?» አለች አንዲት ሕፃን።

አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ» አሉ። «ሰፈር በእግሩ ሲሄድ ግን ዛሬ አየሁ።» ያኔ ሰው እያለቀሰ ሳቀ።

የእነሚጣ ቤት ብዙ ተጓዘ። መንገዱን ተሻገረ፣ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ለአንድ አፍታ ፊቱን ወደ ትምህርት ቤቱ አድርጎ ቆመ፤ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አበራች። ከዚያ ጉልበቱ እንደከዳው ሰው ተንበረከከና ተጣጠፈ። እህቷ የሚጣን እጅ ጨምድዳ ያዘች።

«ጸሎቱ ደረሰለት» አለች። እህቷ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሚጣ ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

ከቀትር በኋላ ኮረብታው ቆመ። ከንቲባው ዝርዝሩን ይዞ ስም መጥራት ጀመረ። ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ስም ጠራ፤ ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው አቤት አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ኪሱን አጣው።

ሚጣ ያን ቀን የተሰማትን ለማንም አልተናገረችም። መስመሯ ትክክል ሆኖ በመገኘቱ ውስጧ አንዲት ቀጭን ደስታ ብልጭ ብላ ነበር፤ መቶ አርባ ቤት ጭቃ ሆኖ እያየች። በዚያች ደስታ ለብዙ ጊዜ አፈረች። የምስጋና ደብዳቤ ከየቦታው መጣ፤ ጸሐፊዋ ፋይል ከፈተችለት፤ እሷ አላነበበችውም።

ምድሩ ከረጋ በኋላ ከጋሽ ሽቦ ጋር ወጥታ የተቦደሰውን ቦታ አየች። እህቷም «ቤቴን የበላውን ልየው» ብላ ተከተለቻቸው። እርቃኑን የቀረው አለት ላይ፣ አንድ ጣት የማይሞላ ውፍረት ያላት ግራጫ የሸክላ ጭቃ ተለጥፋለች። ኮረብታው ሁሉ የተንሸራተተው በእሷ ላይ ነው። ሚጣ በአውራ ጣቷ ነካቻት፤ እንደ ሳሙና ታሙለጨልጫለች።

«ይቺ ናት?» አለች እህቷ።

«ይቺ ናት።»

«በዚህች ምክንያት ነው ባል ያላገባሽው?»

ጋሽ ሽቦ ፊቱን አዙሮ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

*

ሰፈሩ የሚሰፍርበትን አዲስ ቦታ መምረጥ የሚጣ ሥራ ሆነ። ሦስት ቦታ ቀረበላት፤ ሦስቱንም አልፈርምም አለች። ከንቲባው ጮኸ፤ ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀ። አራተኛው ላይ ዐሥራ አንድ ጉድጓድ አስቆፍራ፣ ከእያንዳንዱ የወጣውን አፈር በእጇ ፈትጋ አይታ ፈረመች። ይህ ሁሉ ሲሆን እህቷ ስምንት ወር ከእሷ ጋር፣ በሁለት ክፍል አፓርታማዋ ውስጥ ኖረች። በመብራት ተጣሉ፣ በራዲዮ ድምፅ ተጣሉ፣ ሚጣ መስኮት ላይ በደረደረቻቸው ድንጋዮች አቧራ ተጣሉ። በመሐሉ እህቷ የአርባ ዓመት ወሬ አወራች፤ ሚጣ ሰማች።

የአዲሱ ሰፈር ዕጣ ሲወጣ ለእህቷ የደረሳት ቤት ፊቱ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ነው። ልብስ ሰፊ ብርሃኗ ከግራ መምጣት አለበት።

«አንድ ቃል ተናገሪልኝ» አለቻት። «ኃላፊ አይደለሽም እንዴ?»

«አልናገርም፣ እታለም።»

ሁለት ሳምንት አኮረፈቻት። ከዚያ ራሷ ጫማ ሠሪውን አግባብታ ቤት ተለዋወጠች፤ ለሴት ልጁ የሠርግ ቀሚስ ልትሰፋለት፣ ድመቱም እንዳሻት ልትገባ ልትወጣ ተስማምተው።

ሚጣ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተተክሏል። ከግራ በኩል ለስላሳ ብርሃን ነጩ ጨርቅ ላይ ይፈስሳል። ሚጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እህቷ ስለ አዲሶቹ ጎረቤቶች ማውራት ጀመረች፤ ማን ከማን እንደተኮራረፈ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስስ፤ መኪናውም በመሐል በመሐል ይንቀጫቀጫል። ሚጣ «እሺ»፣ «ኧረ?»፣ «ከዚያስ?» እያለች ቆየችና «ከዚያስ?» ማለቷ ቀረ።

እህቷ ቀና ስትል ተኝታ አገኘቻት። ያልተጠናቀቀውን የሙሽራ ቀሚስ ከመርፌው አላቀቀችና ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት። ከዚያ ሌላ ጨርቅ አነሣች።